"ቲቸር፣ ጨረር ልምረጥ ወይ?"

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የጻፍኩት። ኔትወርክ ሲገኝ ክፈቱትና ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ስሟን አልጽፍም፣ የመሐል ሜዳ ልጆች ግን ማን እንደሆነች ለመገመት አታንሱም። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ዝም ብላ ነበር የምትሰማው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠቅላላ ሐኪም ሆናለች። የስፔሻሊቲ ፈተናውን ጨርሳ የምርጫ ፎርም መሙላት ብቻ ቀርቷታል።

ለማታውቁት ላስረዳ። በኛ አገር አንድ ሐኪም ስፔሻላይዝ ማድረግ ሲፈልግ በጤና ሚኒስቴር በኩል በማዕከል ይፈተናል። ከዚያ የሚፈልገውን የሕክምና ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላል፣ በውጤቱም ይደለደላል። የ12ኛ ክፍል ምደባ በሉት። ልዩነቱ፣ እዚህ የሞላኸውን ዕድሜ ልክህን ትሠራበታለህ።

"ቲቸር፣ ክሊኒካል ኦንኮሎጂን አንደኛ ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ።

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"የካንሰር ሕክምና ነው። ኬሞውም ጨረሩም።"

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። ሐኪም ምን እንደሚመርጥ የምመክር ሰው አይደለሁም። እንደዚያው ነገርኳት። "ሐኪሞቹንማ ጠይቄ ጨርሻለሁ" አለች። "አንዱ ራዲዮሎጂ ያዋጣሻል ይለኛል፣ አንዱ ማሽኑ የቆመ ዕለት አብረሽ ትቆሚያለሽ ይለኛል፣ አንዱ የግል ክሊኒክ መክፈት አትችይም ይለኛል። አባዬ ደግሞ የማህፀን ሐኪም ካልሆንሽ ብለዋል። የጨረር ሐኪም ስላቸው 'የምን ጨረር ነው፣ የፀሐይ ነው እንዴ?' አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"አስቤበት እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። እኔ ያለኝ ታሪክ ነው፣ ስለዚህ በታሪክ ልጀምር።

ዊልሄልም ሮንትገን የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ያልታወቀ ጨረር ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ ሲቆጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ይሆናል። ምን እንደሆነ ስላላወቀው "ኤክስ" አለው። በዚያ ቀን እኛ የት ነበርን? ምኒልክ የክተት አዋጅ ካስነገሩ ሁለት ወር አልሞላም። የሸዋ ሰው ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዝዟል፤ ከግሼ ወደ ሰሜን ማለት ነው። አያቶቻችን በሶና ቆሎ ይዘው፣ ባናቸውን ደርበው ወደዚያ ሲተሙ፣ ሮንትገን የሚስቱን እጅ አጥንት ፎቶ ሊያነሳ ሳምንታት ነበር የቀሩት።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ የለም። ግን ተገናኝተዋል። የካቲት 23 አድዋ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ እዚህ አገር ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮችን ኔፕልስ ባለው ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል የጦር ሐኪም በዚህ አዲስ ጨረር አነሳቸው፤ ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ ለማየት። በጦርነት የቆሰለ ሰው በራጅ ሲታይ በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ጥይቱ ከማን ጠመንጃ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ክፍል ውስጥ ግን "የመንዝ ሰው ጥይት ሳይሆን አይቀርም" እላለሁ፣ ልጆቹ ይስቃሉ።

ጨረሩ ጥይት ከማሳየት አልፎ ሥጋ እንደሚያቃጥልም ወዲያው ታወቀ። በዚያው 1896 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ዕጢ ላይ ሞከሩት። በ1898 እ.ኤ.አ. ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት የመሞከርና የመሳሳት ዘመን ነው። ጣታቸውን ያጡ፣ ራሳቸው በካንሰር የሞቱ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ማሪ ኩሪም በ1934 የሞተችው መቅኒዋ ደም መሥራት አቁሞ ነው፤ የረጅም ዘመን ጨረር ያመጣባት እንደሆነ ይታመናል።

አሁን ልብ በሉ፣ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ጨረሩን ባንድ ጊዜ በብዛት ነበር የሚሰጡት። ዕጢው ይሞታል፣ ግን ደህናው ሥጋም አብሮ ይሞታል። በ1920ዎቹ ፓሪስ ላይ ክሎዲዩስ ረጎና አንሪ ኩታር የሚባሉ ሐኪሞች ሌላ መንገድ አሳዩ። መጠኑን ከፋፍሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስጠት። ደህናው ሕዋስ ሌሊቱን ራሱን ይጠግናል፣ የካንሰሩ ሕዋስ ግን መጠገኑ ያቅተዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሸነፈ ይሄዳል። እስከ ዛሬ የጨረር ሕክምና የቆመው በዚህ ላይ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር የተለመደው ከውጭ የሚሰጥ ጨረር 25 ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት። በመሐል በየሳምንቱ ኬሞ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር፣ ብራኪቴራፒ የሚሉት። ሁሉም በስምንት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዘገየ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል።

ፓሪስ ለሚኖር ሰው ጥሩ ነው። ጠዋት ባቡር ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ተኝቶ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግሼ ለሚኖር ሰውስ?

አሁን ወደ እንቅልፌ ልምጣ።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አክስቴ ታመመች። እትዬ ነበር የምንላት፣ የእናቴ ታላቅ ናት። ከራቤል አለፍ ብሎ ነው ቤቷ። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ደም መፍሰስ ጀመራት። በአንድ ጤና ተቋም "ኢንፌክሽን ነው" ብለው ኪኒን ሰጧት። ተመለሰች፣ አሁንም ኪኒን። ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ ጸበል ሰነበተች፣ ያን አልቃወምም፣ እዚያ ሰላም አግኝታለች። ኋላ ከተማ ሄዳ ናሙና ተወሰደላትና የማህፀን በር ካንሰር ነው ተባለ። "አዲስ አበባ ሄደሽ ጨረር ትወስጃለሽ፣ ከወር በላይ በየቀኑ" ብለው ወረቀት ጻፉላት።

ወረቀቱን ወደ እኔ አመጣችው፣ የተማርኩት እኔ ነኛ። "ጨረር ማለት ምንድነው ልጄ?" አለችኝ።

እኔ ስለ ጨረር የማውቀው ሂሮሺማን ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945። ለተማሪ የማስተምረው እሱን ነው፤ ቆዳው የተላጠ ሰው፣ ጸጉሩ የረገፈ ሕፃን። "ሰውነት ያቃጥላል ይላሉ እትዬ" አልኳት። እንዲያ ነው ያልኩት። ቃሌን ትዝ ይለኛል። እሷ ደግሞ ለመሄድ ሰበብ ሳይሆን ለመቅረት ሰበብ ስትፈልግ ነበር። "ታዲያ ወር ሙሉ ማን ቤት አርፌ? ላሞቹንስ ማን ያልባል?" አለች። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። በዓመቱ ሞተች። ወረቀቱ ላይ ደረጃው ተጽፎ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሊድን በሚችልበት ደረጃ ላይ ነበረች።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እናቴም እዚህ ስታነበው ነው የምታውቀው።

ተማሪዬ "ጨረር ልምረጥ?" ስትለኝ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። በማግስቱ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የማውቃቸውን ሐኪሞች ስጠይቅ ሰነበትኩ። ያገኘሁት የአገራችን ታሪክ ይህን ይመስላል።

በ1951 እ.ኤ.አ. ካናዳውያን ኮባልት 60 የሚባል ነገር የያዘ ማሽን ሠርተው ታማሚ ማከም ጀመሩ። ኮባልቱ የሚሠራው በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሂሮሺማን ያመጣው ዘመን ይህንንም አመጣ ማለት ነው፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ማሽኑ ቀላልና ጠንካራ ስለነበር ለድሃ አገሮች ተስማማ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኤጀንሲው በተመሠረተበት ዓመት። የጨረር ሕክምና ግን በኤጀንሲው እርዳታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ዓመት! በመሐሉ ስንት ነገር እንዳለፈ የታሪክ ተማሪዎቼ ስለምታውቁት አልዘረዝርም።

ስለ ጥቁር አንበሳ ስም አንድ ነገር ልጨምር፣ መንገዴ ላይ ነውና። ስሙ የጣሊያንን ወረራ የተዋጋው የጥቁር አንበሳ ጦር ነው። የዚያ ጦር መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ይህን ስነግራት ተማሪዬ "ታዲያ ለካ እኔም የምመራው ጦር አለ" ብላ ሳቀች።

ማሽኑ መጣ፣ ሰውስ? ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበሩ የካንሰር ሐኪሞች ውጭ ተምረው የመጡ፣ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ ሚሊዮን እያለ ይሄዳል። በዓለም ሲታይ ከካንሰር ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በሆነ ጊዜ ጨረር ያስፈልጋቸዋል ይባላል። ወረፋውን እናንተው ገምቱት። ኮባልት ደግሞ እያረጀ የሚሄድ ነገር ነው። በየአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ካልተቀየረ ያው መጠን ለመስጠት እጥፍ ደቂቃ ይፈልጋል። ታማሚው ሲበዛ ማሽኑ ይደክማል። ወረፋውን የሚያረዝመው የሰው ስንፍና ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት አሁን ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ሬዚደንሲ ጀመረ። ተማሪዬ አሁን የምትመርጠው ትምህርት ልጅነቱ ይህን ያህል ነው፤ እሷ ራሷ ትበልጠዋለች። አሜሪካ ቢሆን የጨረር ሐኪም ጨረር ብቻ ነው የሚማር፣ ኬሞውን ሌላ ሐኪም ይሰጣል። የኛው እንደ እንግሊዞቹ ነው፣ አንድ ሐኪም ሁለቱንም ይሠራል። መጀመሪያ ስሰማው ጫና መሰለኝ፣ በኋላ ግን ጥቅሙ ገባኝ። ማሽን የሌለበት ከተማ የተመደበ ሐኪም ቢያንስ ኬሞ መስጠት፣ ታማሚ መለየት፣ በጊዜ መላክ ይችላል። ደግሞም የሆነው እንደዚያ ነው። ሬዚደንሲው ሰው ማፍራት ሲጀምር ማሽኑ በተራው ወደ ኋላ ቀረ፤ ጨረር የተማሩ ሐኪሞች ክፍለ ሀገር ወጥተው ጨረር የማይሰጡበት ጊዜ ሆነ። በ1997 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ከማሽኑ ኋላ ነበር፣ አሁን ማሽኑ ከሐኪሙ ኋላ።

መንግሥት ይህን አይቶ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉ ስድስት አዳዲስ ማሽኖች ገዛ። ለጥቁር አንበሳ፣ ለጅማ፣ ለሐሮማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና፣ ለጎንደር፣ ለሐዋሳና ለመቀሌ የታሰቡ ናቸው። እነዚህ ኮባልት የላቸውም፣ ጨረሩን በኤሌክትሪክ ነው የሚያመነጩት። መብራት ሲጠፋ ጨረር የለም። ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያለው ክፍል፣ ማቀዝቀዣ፣ መሐንዲስ፣ መጠኑን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ለዚያ ነው ማሽን መግዛትና ታማሚ ማከም መሐል ዓመታት የሚገቡት። ጥቁር አንበሳ በአዲሱ ማሽን ማከም የጀመረው ወደ 2020 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ጅማና ሐረር ተከትለዋል።

እንግዲህ "ማሽኑ ሲቆም ትቆሚያለሽ" ያሏት ሰዎች ውሸት አልነገሯትም። የግል ክሊኒክ ከፍቶ ጨረር መስጠትም ሕልም ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ትምህርት አንድ ጊዜ በጣም ይሻሙበት ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሥራ አይገኝም የሚል ፍርሃት ገብቶ አመልካች ቀነሰና ቦታዎች ሳይሞሉ ቀሩ። እዚያ ሐኪም በዛ ብለው ይሰጋሉ፣ እዚህ ግሼ ሆኖ ሲሰሙት እንግዳ ወሬ ነው።

ረቡዕ ማታ ደወልኩላት። "ምረጪ" ወይም "አትምረጪ" አላልኩም። ጥያቄ ሰጠኋት፤ አስተማሪ ሌላ ምን ያውቃል? የምትማሪበት ቦታ ማሽኑ ዛሬ ይሠራል ወይ? ተበላሽቶ ሲያውቅ ስንት ቀን ቆመ? ብራኪቴራፒ አለ ወይ? ምክንያቱም ያለዚያ የማህፀን በር ካንሰር ሕክምና ግማሽ ነው። ፊዚክሱን የሚያስተምርሽ ሰው አለ ወይስ ከመጽሐፍ ብቻ? ስትጨርሺ ግዴታሽን የት ነው የምትወጪው፣ እዚያስ ማሽን አለ? ደብረ ብርሃን የጨረር ማሽን የለም፤ ወደ አገርሽ ልመለስ ካልሽ ለጊዜው የኬሞ ሐኪምና ሪፈር ጻፊ ነው የምትሆኚው። ይህን አውቀሽ ግቢ አልኳት።

ዝም ብላ ሰማችኝ፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍሏ። ከዚያ ስለ እትዬ ነገርኳት። ሂሮሺማውን ሳልደብቅ።

ትንሽ ቆይታ "ቲቸር፣ እኔን ወደዚህ የሳበኝን ልንገርዎት" አለች። "አሁን ቀኑን እያሳጠሩት ነው። የጡት ካንሰር ድሮ 25 ቀን የነበረው 15 ቀን ሆኗል። እንግሊዞች በ2020 ባወጡት ጥናት ለአንዳንድ ሴቶች በአምስት ቀን ሰጥተው ያው ሆኖ አግኝተውታል። አጥንት ገብቶ ሕመም ለሚያሰቃየው ሰው ደግሞ አንድ ቀን ብቻ በቂ ነው፣ ሕመሙን ያስታግስለታል። የማህፀን በሩ ገና ነው፣ ግን እየተሞከረ ነው። እኔ እሱን ነው መሥራት የምፈልገው። ከመንዝ የሚመጣ ሰው ስንት ቀን ከላሞቹ መለየት ይችላል የሚለውን።"

እኔ ላሞቹን አልነገርኳትም ነበር። እሷ ያደገችው ከላሞች ጋር ነው፣ ከየት እንዳመጣችው ይገባኛል። ስልኩን ይዤ ከቤት ወጣሁ፣ ልጆቼ እንዳያዩኝ።

አንድ ሁለት ነገር ለሚጠቅማችሁ ልጨምር። እትዬ "ማን ቤት አርፌ?" ያለችው ጥያቄ ዛሬ በመጠኑም ቢሆን መልስ አለው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጥተው በ2004 እ.ኤ.አ. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ የሚያርፉበት ቤት አለው። ለሁሉም አይበቃም፣ ግን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤታችን የሴት ልጆች ክትባት ሲመጣ "የሚያመክን ነው" እያላችሁ ልጅ የምታስቀሩ ወላጆች አላችሁ። ያ ክትባት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አገራችን የገባው ለዚሁ ለማህፀን በር ካንሰር ነው። እኔ ባላወቅሁት ነገር አንድ ሰው አስቀርቻለሁ፣ እናንተ አትድገሙት። ደም ያላግባብ የሚፈሳት እናት ያለቻችሁም ለሁለተኛ ጊዜ ኪኒን ሲሰጧት "ይመርመር" በሉ።

ዘንድሮ ሂሮሺማን ሳስተምር የካናዳውን ኮባልትም አብሬ አስተማርኩ። መጽሐፉ ላይ የለም፣ ለፈተናም አይመጣም፣ አትጨነቁ አልኳቸው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ታዲያ ጨረር ጥሩ ነው መጥፎ?" አለኝ። ደወሉ ተደወለና አዳነኝ።

ተማሪዬ ፎርሙን ዓርብ ሌሊት ሞልታ ልካለች። አንደኛ ያደረገችውን ነግራኛለች፣ ምደባው እስኪወጣ ግን አደራ ስላለችኝ አልጽፈውም። አባቷ አሁንም የማህፀን ሐኪም እንደሚሆን ነው የሚያውቁት። ውጤቱ ሲወጣ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ። እስከዚያ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ እየተማራችሁ ያላችሁ፣ ወይ የተማረ የምታውቁ፣ ከላይ የጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች የየቦታችሁን መልስ ከሥር ጻፉልኝ፤ በተለይ የብራኪቴራፒውን። ታነበዋለች።